የዱላ ቅብብል ምንድን ነው?

የዱላ ቅብብል አራት ሯጮች አንድ ዱላ እየተቀባበሉ ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚያደርሱበት ውድድር ነው። በትምህርት ቤቶች በብዛት የሚሮጡት 4 በ100 (እያንዳንዱ ሯጭ 100 ሜትር የሚሮጥበት) እና 4 በ400 ሜትር ናቸው። በክፍል ለክፍል ውድድር ቡድኖች በብዛት የሚበላሹት 4 በ100 ላይ ስለሆነ እዚህም እሱ ላይ እናተኩራለን።

ብዙ ጊዜ ከየክፍሉ አራት ፈጣን ልጆች ተመርጠው በውድድሩ ዕለት ጠዋት ያለ ቅብብል ልምምድ ይሰለፋሉ። እንዲህ ያለ ቡድን የሚሸነፍበትን ምክንያት ቁጥር ያሳያል። የዩሴን ቦልት የ100 ሜትር ክብረ ወሰን 9.58 ሰከንድ ነው፤ በአራት ሲባዛ 38.32 ይሆናል። የጃማይካ ቡድን ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ 4 በ100ን በ36.84 ጨርሷል። ከመጀመሪያው ሯጭ በስተቀር ሦስቱ ዱላውን የሚቀበሉት በሩጫ ላይ ሆነው ስለሆነ፣ ከቆሙበት ለመነሳት የሚባክነው ጊዜ የለባቸውም። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ የአሜሪካ ወንዶችም ሴቶችም ቡድኖች ዱላ ጥለው ለፍጻሜ ሳይደርሱ ቀርተዋል፤ የፍጥነት ችግር ግን አልነበረባቸውም።

ዱላው ክብ፣ ልሙጥ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው። ርዝመቱ ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ደግሞ ከ50 ግራም ያላነሰ ነው። ትምህርት ቤቱ ዱላ ከሌለው የ40 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆርጦ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ለልምምድ ይበቃል። ከመጥረጊያ እጀታ የተቆረጠ እንጨት ግን ቀጭን ነው፤ ልጁ ውድድር ላይ ትክክለኛውን ዱላ ሲይዝ እጁ ይደናገራል።

በ4 በ100 እያንዳንዱ የመቀባበያ ክልል 30 ሜትር ነው። ከ100፣ ከ200 እና ከ300 ሜትር ምልክቶች 20 ሜትር ቀድሞ ይጀምርና 10 ሜትር አልፎ ያበቃል። ዳኛው የሚያየው የሯጩን እግር ሳይሆን ዱላው ያለበትን ቦታ ነው። ተቀባዩ ክልሉን አልፎ ሄዶ ዱላው ግን ክልሉ ውስጥ እያለ ከተቀበለ ቅብብሉ ትክክል ነው። ዱላው ከክልሉ ውጪ ከተላለፈ ቡድኑ ይሰረዛል።

እጅን በተመለከተ ተራው የታወቀ ነው፦ አንደኛው በቀኝ ይዞ ይነሳል፣ ሁለተኛው በግራ ይቀበላል፣ ሦስተኛው በቀኝ፣ አራተኛው በግራ። ማንም ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ አያዛውርም። ቀኝ እጁ ላይ የያዘው በሌኑ (ለቡድኑ በተመደበው የሩጫ መስመር) ውስጠኛ ጠርዝ በኩል ይሮጣል፤ ኩርባ ላይ መንገዱ ያጥርለታል፣ ከፊቱ ያለውንም አይረግጥም። ለአንደኛና ለሦስተኛ ኩርባ ላይ የማይወላገዱ ልጆች ይመረጣሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው መቀበልም ማቀበልም ስላለባቸው እጃቸው የማይደነግጥ መሆን አለበት። ከሁሉ ፈጣኑን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ማቆም ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ መቀበል የሚያውከው ልጅ ከሆነ አንደኛ ላይ ቢቆም ይሻላል።

ቅብብሉን የሚያሳካው ምልክቱ ነው። ተቀባዩ ክልሉ መጀመሪያ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ፣ ወደ መጪው ሯጭ አቅጣጫ፣ በራሱ ጫማ ይለካል። ለጀማሪ ከ15 እስከ 20 ጫማ ጥሩ መነሻ ነው። እዚያ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል ወይም በጠመኔ ይሰመራል። መጪው ምልክቱን ሲረግጥ ተቀባዩ ሳያመነታ በሙሉ ኃይሉ ይነሳል፣ ወደ ኋላም አይመለከትም። መጪው ሲደርስበት “ያዝ!” ይላል፤ ያኔ ብቻ እጅ ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ መዳፍ ተከፍቶ ሳይወዛወዝ ይጠብቃል። ጥሪው ሳይሰማ እጁን ዘርግቶ የሚሮጥ ልጅ ፍጥነቱን ይገድላል፤ በተማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው ጥፋት ይህ ነው።

መጪው ተቀባዩ ላይ ከተደረበ ተቀባዩ ዘግይቶ ተነስቷልና ምልክቱ በአንድ ወይም በሁለት ጫማ ይራቅ። መጪው ካልደረሰበት ደግሞ ይቅረብ። ሁለቱም የሚስተካከሉት በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ብቻ ነው፤ በሶምሶማ የተለካ ምልክት ውድድር ላይ ይከዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በሙሉ ፍጥነት የሚደረግ ቅብብል በአንድ ልምምድ ከስድስት ባይበልጥ፣ በየመሃሉም ሦስት አራት ደቂቃ ቢታረፍ ይመከራል። የደከመ ሯጭ የሚሰጠው ልኬት ውሸት ነው።

ዱላ ቢወድቅ የሚያነሳው የጣለው ራሱ ነው። ለማንሳት ከሌኑ መውጣት ይችላል፤ ርቀት እስካላሳጠረና ሌላውን እስካላደናቀፈ ድረስ። አቀብሎ የጨረሰም ሌኑን ወዲያው ትቶ መውጣት የለበትም፤ ሌሎቹ ቡድኖች እስኪያልፉ እዚያው ይቆያል።

መሀል ከተማ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የ400 ሜትር መም መጠበቅ የዋህነት ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ግን 28 ሜትር ይረዝማል፤ ከመቀባበያው ክልል ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። በእርምጃና በሶምሶማ የእጅ አቀባበልን ለማስተማር ይህ ይበቃል። ለሙሉ ፍጥነት ቢያንስ 60 ሜትር ያስፈልጋል፤ እንደ ዳግማዊ ምኒልክና የካቲት 12 ላሉ የአራት ኪሎና የስድስት ኪሎ ትምህርት ቤቶች ጃንሜዳ በእግር የሚደረስበት ነው። እዚያ ገመድ ወጥሮ በኖራ ማስመር ይቻላል፤ ሣሩ ወጣ ገባ ስለሆነ ክልሉን ሜዳው ላይ ከማስመር በፊት ጉድጓድ ማየት ያስፈልጋል። ጥምቀት ሲቃረብ ሜዳው ለበዓሉ ስለሚያዝ የጥር መጀመሪያ ሳምንታት ልምምድ በግቢ ይታቀድ። ፊት ለፊት ተያይቶ እየተመላለሱ መቀባበል ለትንንሽ ልጆች ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ሳያዩ መቀበልን ግን አያስተምርም።

4 በ400 ላይ ነገሩ ይለያል። ክልሉ 20 ሜትር ነው፤ መጪው ደክሞ ስለሚደርስ ተቀባዩ ዞር ብሎ እያየው፣ ድካሙን ገምቶ ይነሳል፣ ዱላውንም ከእጁ ይወስዳል። ሌን የሚለቀቀው ሁለተኛው ሯጭ የመጀመሪያውን ኩርባ ሲጨርስ ነው።