መንግሥትና ሃይማኖት በኢትዮጵያ የአደባባይ ሕይወት

«ሴኩላር» ለሚለው ቃል አማርኛ እስካሁን የሚስማማ አቻ አላገኘም። «ዓለማዊ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ነገር ግን በእኛ ዘንድ ዓለማዊ ማለት ጾም ጸሎቱን ትቶ ለሥጋው ያደረ ሰው ነው። ስለዚህ «ዓለማዊ መንግሥት» ሲባል ብዙው ምእመን ሃይማኖትን የሚጠላ መንግሥት ይመስለዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ላይ ነገሩን በሦስት አጫጭር ሐሳቦች አስቀምጦታል፦ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፤ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም።

ከዚያ በፊት የነበረው ሥርዓት ሌላ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሁልጊዜ የዚሁ እምነት ተከታይ እንዲሆኑና ስማቸውም በጸሎት እንዲጠራ ደንግጓል። «አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው አባባል የተነገረው በዚሁ ዘመን ቢሆንም፣ አገሪቱ የጋራ አለመሆኗን በየዕለቱ የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ እንደሚሆን የተገመተ ሕዝብ የሙስሊሞችን እኩልነት ለመጠየቅ አደባባይ ወጣ፤ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ የስያሜ ጥያቄ ነበር፦ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል። በእንግድነትና በባለቤትነት መካከል ያለው ርቀት በዚህች የቃላት ልዩነት ውስጥ ይታያል።

ደርግ ሦስቱን የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል አደረገ፤ የቤተ ክርስቲያንንም መሬት ወረሰ። እኩልነቱ ግን በነፃነት አልታጀበም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. በሥርዓቱ እጅ ተገድለዋል።

ዛሬ መለያየት ተደንግጓል፤ እምነት ግን ከአደባባይ አልወጣም፣ እንዲወጣ የሚጠይቅም ጥቂት ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 33.9 በመቶው ሙስሊም፣ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። ረቡዕ ቀን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክበብ ምሳ የሚያዝዝን ሰው አስተናጋጇ ቀድማ የምትጠይቀው «የጾም ነው የፍስክ?» ብላ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሽሮና ጥብስ ጎን ለጎን ይቀርባሉ፣ ማንም ማንንም አይገላምጥም። ከልኳንዳ ቤቱ በር በላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይሣላል። ፍርድ ቤቶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም፦ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የሚሠሩ የመንግሥት ተቋማት ሲሆኑ፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ውርስን የመሳሰሉ ጉዳዮችን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ አሠራር ውስጥ እጅግ የማደንቀው ይህን ፈቃድ ነው፤ ሰውን በእምነቱ ያከብረዋል እንጂ በእምነቱ አያስረውም።

ችግር የሚነሣው «ጣልቃ መግባት» የሚለው ቃል ላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣውና «ድምፃችን ይሰማ» በሚል የሚታወቀው እንቅስቃሴ ዋና ክሱ መንግሥት በእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ውስጥ እጁን አስገብቷል የሚል ነበር፤ መሪዎቹ በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በሐምሌ 2010 ደግሞ በስደት አሜሪካ የነበረው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስና አዲስ አበባ ያለው ሲኖዶስ ዋሽንግተን ላይ ታረቁ፤ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር አገራቸው ገቡ። ለሃያ ስድስት ዓመታት ያህል በየከተማው በተከፋፈለ አጥቢያ የኖረው የስደት ምእመን ያን ቀን በዕንባ ተቀብሎታል። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾሙ ምእመናን ጥቁር ለበሱ፤ በሲኖዶሱና በሦስቱ ሊቃነ ጳጳሳት መካከል ስምምነቱ የተፈረመው በየካቲት፣ አሁንም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ነበር። እርቁ መልካም ነው። ነገር ግን ሽምግልናው በአንድ ባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል፣ ያው ሥልጣን ነገ ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብል የሚያስቆመው ደንብ አይኖርም።

ይኸው ክፍተት በትምህርት ቤት በር ላይ ጎልቶ ይታያል። አንቀጽ 27 ማንም ሰው እምነቱን በይፋ የመግለጽ መብት ይሰጠዋል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። አንዲት ተማሪ ፀጉሯን ተሸፍና ስትመጣ ለሁለቱ አንቀጾች ድንበር የሚያበጀው ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነው። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲከለከሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ክልከላውን ለጊዜው አገደ። ወቅቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና የሚመዘገቡበት ነበር።