የጥገና ዕዳ ምንድን ነው? ያገለገለ ኃይለኛ የቅንጦት መኪና ከሊብሬው ጋር የሚያስረክበው ሂሳብ

አንድ መኪና በጊዜው ሊደረግለት የሚገባው ጥገና ሳይደረግለት ሲቀር ወጪው አይሰረዝም፤ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። ዘይቱን በወቅቱ ያልቀየረ፣ የሚያንጠባጥብ ቱቦ በማጣበቂያ አስደፍኖ ያለፈ፣ የፍሬን ፈሳሹን ለዓመታት ያልነካ ባለቤት ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ አስቀርቷል፤ መኪናው ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ቆይቶ ከሚቀጥለው ሰው ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ሲንከባለል ኖሮ ከሊብሬው ጋር ወደ ገዢው የሚዞረውን ወጪ እዚህ ላይ «የጥገና ዕዳ» ብዬዋለሁ። ዕዳው በማንኛውም ያገለገለ መኪና ላይ አለ። በኮሮላ ላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ አንድ ቅዳሜ መርካቶ ደርሶ በመመለስ የሚቃለል ሲሆን፣ ኃይለኛ ሞተር በተገጠመለት የቅንጦት መኪና ላይ ግን መግዣ ዋጋውን ራሱን የሚገዳደር መጠን ሊደርስ ይችላል።

ልዩነቱ የሚመጣው መኪናው ሲያረጅ የራሱ ዋጋ እየወረደ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት ስለማይወርድ ነው። አምራቹ ለፍሬን ዲስኩ፣ ለተርቦው (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ለሚያስገባው ክፍል) ወይም ለኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑ ዋጋ ሲያወጣ በሐሳቡ የነበረው መኪናውን በአዲስነቱ የገዛው ባለጸጋ ነው፤ ከ15 ዓመት በኋላ በአራተኛ እጅ የገዛው ሰውም ጋራዥ ሲገባ የሚስተናገደው በዚያው ተመን ነው። በከተማችን በአዲስ አበባ እኩያ ዕድሜ ያለው ቶዮታ ዋጋውን ጨብጦ ሲቆይ ኃይለኛው የአውሮፓ መኪና በንጽጽር ረክሶ የሚገኘውም ለዚህ ነው፤ ገበያው ዕዳውን አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ቀንሶታል። ደላላው «በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ መኪና የት ይገኛል?» ሲል ስለ ዋጋው እየዋሸ አይደለም፤ ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን አይናገርም። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ግዢ ነው።

የኃይለኛ መኪና ጥገና ውድ የሚሆነው የዕቃው ብዛትም ስለሚለይ ነው። ኮሮላ 4 ካንዴላ ሲኖረው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆች አቆጣጠር) የተሠራው መርሴዲስ ኢ 55 ኤኤምጂ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 16 ካንዴላ አለው። ባለ 10 ሲሊንደሩና 507 የፈረስ ጉልበት ያለው የቢኤምደብሊው ኤም 5 ሞተር በአንድ ጊዜ 9 ሊትር ያህል ዘይት ይጠጣል፤ ያውም በየሱቁ የማይገኘውን የውፍረት ደረጃው 10ደብሊው-60 የሆነ ሙሉ ሲንተቲክ ነው። የዚህ ሞተር የፒስተን ዘንግ ኩሽኔታዎች ቶሎ በማለቅ ስለሚታወቁ፣ ጠንቃቃ ባለቤቶች ምንም ድምፅ ሳይሰሙ አስቀድመው ያስቀይሯቸዋል። ሞተሩ ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ጉዳዩ ከኩሽኔታ አልፎ የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ ወደ ሆነው ክራንክ ዘንግ ደርሶ ሊሆን ይችላልና። ሳይበላሽ መቀየር የሚባለው ነገር ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፤ በዚህ መኪና ላይ ግን ከሁሉ የሚረክሰው ጥገና እሱ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕቃው ርካሽ ሆኖ የሚያስከፍለው የሥራው ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 8 ሲሊንደር ፖርሽ ካየን የራዲያተር ውሃ የሚያመላልሱ የፕላስቲክ ቱቦዎች ከአየር ማስገቢያው ሥር፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ተቀብረውበታል። ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ውሃውም ወደ ሞተር ማስነሻው ይፈስሳል። ፍቱን መፍትሔው በአሉሚኒየም ቱቦ መተካት ሲሆን፣ ከዚያ ለመድረስ ግን የሞተሩን የላይኛውን ክፍል መፍታት ግድ ይላል። ቱቦዎቹ ተቀይረው እንደሆነና እንዳልሆነ ሳይጠይቅ ካየን የገዛ ሰው ዕዳውን ተረክቧል ማለት ይቻላል።

ዕዳው በዓይን እንዲታይ የሚያደርገው ክፍል ግን የአየር ተንጠልጣይ ነው። በብረት ሞላ ፈንታ አየር የተሞላ የላስቲክ ከረጢት መኪናውን ይሸከማል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ደግሞ አየሩን ይሞላል። ካሳንቺስ የሚኖር አንድ ወዳጄ በዚህ መልኩ የተሠራ መኪና ገዝቶ ነበር። ሲገዛ ሻጩ «ሲያድር ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ባህሪው ነው» ብሎት አልፏል። ማለዳ ሄጄ ሳየው የፊት ቀኝ ጎኑ ተንበርክኮ፣ የጎማው ግማሽ ከፓራፋንጎው ሥር ገብቶ ነበር፤ ሞተሩ ሲነሣ ከኋላ በኩል እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ ተሰማና በሁለት ደቂቃ ውስጥ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። የመጀመሪያው ጋራዥ ፓምፑ ደክሟል ብሎ በአዲስ ቀየረለት፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ተቃጠለ። ሁለተኛው መካኒክ ከመፍታቱ በፊት የሳሙና ውሃ በስፖንጅ ነክሮ ከረጢቱ እጥፋት ላይ ጨመቀበት፤ እንደ ቡና አረፋ ደቃቅ ፊኛዎች ተነሡ። «ፓምፑን የገደለው ላስቲኩ ነው፣ ጋሼ። ላስቲኩን ሳይቀይሩ አሥር ፓምፕ ቢገዙ አሥሩንም ይበላዋል» አለው። ከረጢቱ ስለሚያፈስ ፓምፑ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ያለ ዕረፍት ስለሚሠራም ይቃጠላል። ቀድሞ አንድ ከረጢት ብቻ የነበረው ዕዳ በዚህ ሁኔታ ሁለት ፓምፕና ሁለት የፊት ከረጢት ሆነ፤ ሁለቱ የፊት ከረጢቶች እኩል ያረጁ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መቀየር የሌላውን ቀን መጠበቅ ነውና።

አዲስ አበባ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና የራሷን ጫና ትጨምራለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፣ ተርቦ ያለውም የጎደለውን ለማካካስ ተርቦውን የበለጠ ያሽከረክራል። ተርቦ የሌለው ባለ 500 ፈረስ ጉልበት መኪና የያዘ ሰው እዚህ የሚነዳው 400 ያህሉን ሲሆን፣ የጥገናውን ሂሳብ የሚከፍለው ግን ለ500ው ነው። ከመስቀል አደባባይ ፒያሳ ለመድረስ የሚያልፈው መጨናነቅ ደግሞ በኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ላይ አይታይም፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሠራባቸው ሰዓታት ዘይቱን ያስረጁታል፣ ቁጥሩ ግን አይጨምርም። ስለዚህ «50 ሺህ ብቻ ነው የነዳው» የሚለው ማስታወቂያ ሊያጽናና አይገባም። ላስቲክ፣ ፕላስቲክና የፍሬን ፈሳሽ የሚያረጁት መኪናው ቢቆምም ነው፤ የፍሬን ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር ያዛሉ።

የዋጋው ጉዳይ ከመኪናው ውጭ ባሉ ነገሮችም ይወሰናል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉና ትልቅ ሞተር ባላቸው መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ተርቦ ዋጋም አብሮ ዘለለ፤ የባለቤቱ ደመወዝ ግን ባለበት ነበር። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ለቶዮታ ሁሉ ነገር ሲገኝ፣ ለእነዚህ መኪኖች ግን ዕቃው በትእዛዝ ከዱባይ ወይም ከሻርጃ የተፈቱ መኪኖች ገበያ ይመጣል። የተፈታ ኦሪጂናል ዕቃ ለብረት ነገር ጥሩ አማራጭ ነው። ለላስቲክና ለፕላስቲክ ግን አልመክርም፤ በባሕረ ሰላጤው ሙቀት የከረመ ቱቦ ከአሮጌው ብዙም አይሻልም።

ዕዳውን ከግዢ በፊት መገመት ይቻላል። የጎማው ጎን ላይ የታተሙት አራት አሃዞች፣ ለምሳሌ 3216፣ በፈረንጆች 2016 በ32ኛው ሳምንት መመረቱን ያሳያሉ፤ ጎማ ለመቀየር የሰሰተ ባለቤት በሌላውም ሰስቶ ሊሆን ይችላል። መኪናውን በኮምፒዩተር ሲያስነብቡ የስህተት ኮድ አለመኖሩ ብቻ አይበቃም። ኮዱ በቅርቡ ተደምስሶ ከሆነ የመኪናው የራስ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ይላሉና መካኒኩ ያንን ገጽ እንዲከፍት መጠየቅ ያስፈልጋል። የጥገና ደረሰኞችን ማየት ከሁሉ ይቀድማል፤ ደረሰኝ የሌለውን ሥራ እንዳልተሠራ ቆጥሮ መነሣት ነው የሚበጀው። ቀጠሮውም ጠዋት 12 ሰዓት፣ መኪናው ካደረበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል፦ የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሣ የሚያሰማው መንኳኳትም ሆነ ሌሊቱን አየር ያፈሰሰ ጎን የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው፤ ሻጩ ሞተሩን አሙቆና መኪናውን አስነሥቶ ከጠበቀ ሁለቱም አይታዩም።