የወንጀል ቅጣት ዓላማ ምንድን ነው?

ዐቃቤ ሕግ ከጥፋተኝነት ፍርድ በኋላ የቅጣት አስተያየቱን ሲጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ በተከሳሹ ላይ «እርሱን የሚያርም፣ ሌላውን የሚያስተምር» ቅጣት እንዲወሰን ያመለክታል። አባባሉ ከመለመዱ የተነሣ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦችን አጣምሮ መያዙ ልብ አይባልም። አጥፊውን ለማረም ሁለት ዓመት የሚበቃ ሆኖ፣ ለሌላው ማስተማሪያ እንዲሆን ግን ስምንት ዓመት ያስፈልጋል ቢባል፣ ዳኛው የትኛውን ይወስናል? ስለ ቅጣት ዓላማ የሚደረገው ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። ሰውን ቆልፎ ማስቀመጥ ወይም ገንዘቡን መውሰድ በሌላ ጊዜ ራሱ ወንጀል ነውና፣ መንግሥት ይህንኑ በጥፋተኛ ላይ ሲፈጽም በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፤ ምክንያቱ ደግሞ የቅጣቱንም ልክ የሚወስን መሆን አለበት።

ጥንታዊው መልስ ፍዳ ነው። በዚህ አስተሳሰብ አጥፊ የሚቀጣው ስለሚገባው ብቻ ነው፤ ከመቀጣቱ ማንም ባይጠቀምም እንኳ መቀጣቱ ትክክል ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ይህን አቋም እስከ ጫፉ ወስዶታል፦ በአንድ ደሴት የሚኖር ሕዝብ ማኅበሩን አፍርሶ በየአቅጣጫው ለመበተን ቢስማማ እንኳ፣ ከመለያየቱ በፊት በእስር ቤት የቀረውን የመጨረሻ ነፍሰ ገዳይ መቅጣት አለበት ይላል። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅ ሕዝብ፣ የሚፈራም ሰው የለም፤ ቅጣቱ ግን መፈጸም አለበት። ብዙ ሰው ፍዳን ከበቀል ጋር ይቀላቅለዋል። ይሁን እንጂ በቀል የተበዳዩ ንዴት እስኪበርድ ድረስ ልክ የሌለው ሲሆን፣ ፍዳ ግን ከጥፋቱ መጠን አያልፍም። «ዓይን በዓይን» የሚለው ደንብም ዛሬ የጭካኔ ምሳሌ ሆኖ ቢጠቀስም፣ ለአንድ ዓይን ሁለት ዓይን፣ ለአንድ ሰው ነፍስ የአንድ ወገን ነፍስ ሁሉ እንዳይጠየቅ የሚያግድ ገደብም ነበር። የፍዳ ድካም ሌላ ቦታ ላይ ነው። ክንድ መስበር ስልክ ከመስረቅ የከፋ መሆኑን ይነግረናል፤ ክንድ ለሰበረ ስንት ወር እንደሚገባ ግን አይነግረንም።

ሁለተኛው መልስ ፊቱን ወደ መጪው ጊዜ ያዞራል። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764፣ ከእርሱም በኋላ እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም፣ ቅጣት ራሱ ክፉ ነገር ስለሆነ ሊፈቀድ የሚችለው የባሰ ክፋትን የሚከላከል ሲሆን ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። ሰው ጥቅሙንና ጉዳቱን የሚያሰላ ፍጡር ነውና፣ የቅጣቱ ጉዳት ከወንጀሉ ጥቅም ጥቂት ቢበልጥ ከወንጀል ይገታል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሁሉ ከንቱ ሥቃይ ነው። ከቤካሪያ ሐሳቦች ዘመን ያልሻረው፣ ሰውን ይበልጥ የሚገታው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን የመቀጣቱ አይቀሬነት ነው የሚለው ነው። የኋላ ዘመን ጥናቶችም በአብዛኛው ይህንኑ ይደግፋሉ።

ክብደት አይቀሬነትን እንዴት እንደሚሸረሽር በቤካሪያ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ ሕግ ያሳያል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአገሪቱ ወደ 200 የሚጠጉ ጥፋቶች በሞት ያስቀጡ ነበር፤ ከመኖሪያ ቤት 40 ሺሊንግ የሚያወጣ ንብረት መስረቅ አንዱ ነበር። ታዲያ ሌባውን ለገመድ መስጠት የከበዳቸው፣ ከሕዝብ ተመርጠው ጥፋተኝነትን የሚወስኑት የዳኝነት ጉባኤ (ጁሪ) አባላት፣ የተሰረቀው ዕቃ በግልጽ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሆኖ ሳለ ዋጋውን 39 ሺሊንግ ነው ብለው ይወስኑ ነበር። በአንዲት ሺሊንግ የሰው ነፍስ ትተርፋለች፤ በወረቀት ላይ የሰፈረው አስፈሪ ቅጣት ግን ማንንም የማያስፈራ ሆኖ ይቀራል።

አጥፊውን ከማኅበረሰቡ ለይቶ ማቆየት የሚለው ሦስተኛ ዓላማ ለመረዳት ቀላል፣ ልጓም ለማበጀት ግን አስቸጋሪ ነው። የታሰረ ሰው ውጭ ያለውን ሰው መዝረፍ አይችልም፤ ክርክሩ ከዚህ አያልፍም። የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ፣ ቀደም ሲል በሁለት ከባድ ወንጀሎች የተቀጣ ሰው በሦስተኛ ወንጀል ጥፋተኛ ሲባል ቢያንስ 25 ዓመት፣ ቢበዛ ዕድሜ ልኩን እንዲታሰር ደነገገች። በ2000 በአመክሮ ላይ የነበረና በስርቆትና በዝርፊያ በተደጋጋሚ የተቀጣ አንድ ሰው፣ ከአንድ የጎልፍ መጫወቻ ሱቅ እያነከሰ ሲወጣ ሠራተኛው ተጠራጥሮ ለፖሊስ ደወለ። ሰውዬው እያንዳንዳቸው 399 ዶላር የሚያወጡ ሦስት የጎልፍ ዱላዎችን በሱሪው ውስጥ ሸሽጎ ነበር። ይኸው ቅጣት ተወሰነበት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2003 በአምስት ለአራት ድምፅ አጸናው። በእኔ ግምት ይህ ውሳኔ ለሦስት ዱላዎች የተሰጠ ነው ብሎ ማንበብ ስሕተት ነው። ሰውዬው የታሰረው ወደፊት ያደርጋል ተብሎ ለተፈራው ነው፤ ችግሩም ያ ነው። ግዛቲቱ በ2012 በሕዝበ ውሳኔ፣ ሦስተኛው ወንጀል በመርሕ ደረጃ ከባድ ወይም የኃይል ድርጊት ያለበት እንዲሆን ሕጉን አሻሻለች።

ማረም ደግሞ ከዓላማዎቹ ሁሉ ደግነት የሚታይበት ስለሚመስል፣ አደጋው ዘግይቶ ነው የታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1876 በኒውዮርክ ግዛት በኤልማይራ የተከፈተው ማረሚያ ቤት የእስራት ዘመን አስቀድሞ እንዳይቆረጥ አደረገ። እስረኛው የሚወጣው ሲታረም ነው። ሐሳቡ በመላው አሜሪካ ተስፋፋ፤ ውጤቱ ግን ተመሳሳይ ጥፋት የፈጸሙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የመፈቻውን ጊዜ የሚወስነውን ቦርድ በጠባዩ ስላስደሰተ፣ ሌላው ስላላስደሰተ፣ እጅግ የተራራቀ ጊዜ እንዲታሰሩ ሆነ። በ1974 ሮበርት ማርቲንሰን የተባለ ተመራማሪ የማረሚያ ፕሮግራሞች ያስገኙት ለውጥ እምብዛም ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ሐሳቡ ከግራም ከቀኝም ተቀባይነት አገኘ። ራሱ በ1979 ድምዳሜውን ቢያለዝብም ብዙ ሰሚ አላገኘም። የሚገርመው፣ በዚያው በ1974 ኤልማይራ በምትባል ሌላ ከተማ፣ በካናዳዋ ኦንታሪዮ፣ የብዙ ሰው ንብረት ያወደሙ ሁለት ወጣቶች ዳኛው በፈቀደው መሠረት የተጎጂዎቹን በር እያንኳኩ ጥፋታቸውን አምነው ኪሣራውን ሊክሱ ተስማሙ። ወንጀል በመንግሥት ላይ ከተፈጸመ ጥፋት ይልቅ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፣ ስለዚህም መጠገን አለበት የሚለው የዘመናችን የዕርቅ ፍትሕ መነሻው ብዙ ጊዜ ከዚህ ጉዳይ ይቆጠራል።

እነዚህን ዓላማዎች በአንድ ፍርድ ውስጥ ማስታረቅ ይቻላል? እንግሊዛዊው የሕግ ፈላስፋ ኸርበርት ሃርት ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይገባል ይላል። ቅጣት የሚባል ሥርዓት ለምን ኖረ ለሚለው መልሱ ወንጀልን መከላከል ሊሆን ይችላል፤ ማን ይቀጣ ለሚለው ግን መልሱ ጥፋተኛው ብቻ ነው። የወንጀል ሕግ ምሁሩ ኖርቫል ሞሪስ ደግሞ ፍዳን እንደ ጣሪያ ወሰደው። ከሚገባው በላይ ማንም አይቀጣም፤ ከጣሪያው በታች ባለው ቦታ ግን ዳኛው ማረምንም፣ መለየትንም፣ መግታትንም ሊመዝን ይችላል። በግሌ ይህ አቋም ለዳኛ የሚበጅ ይመስለኛል፤ የሁለት ዓመቱና የስምንት ዓመቱ ጥያቄ ሲመጣ፣ ድርጊቱ ራሱ የሚገባው ቢበዛ ሦስት ዓመት ከሆነ ስምንቱ ከነጭራሹ ከምርጫ ይወጣልና።

የቅጣት አወሳሰን መመሪያዎችም ይህን ወደ ቁጥር ለመለወጥ የሚደረጉ ሙከራዎች ናቸው። የአሜሪካዋ ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራ ላይ ባዋለችው ሠንጠረዥ፣ በአንዱ ጎን የወንጀሉ ክብደት፣ በሌላው የተከሳሹ የቀድሞ ጥፋት ይሰፍራል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ሣጥን የቅጣቱን መነሻ ያሳያል። የመጀመሪያው ጎን ከፍዳ ጋር ይስማማል። ሁለተኛውን ግን የፍዳ ሰዎች በቀላሉ ሊያስረዱት አልቻሉም። የድሮው ጥፋት ቅጣቱን ጨርሷልና፣ ዛሬ እንደገና ወር የሚያስጨምረው በየትኛው ዓላማ ነው? አንዳንዶች የመጀመሪያ ጥፋት ሲሆን ለሰው ድካም ቅናሽ ይደረጋል፣ ተደጋጋሚው ያጣው ቅናሹን ብቻ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ያ ሁለተኛ ጎን አደገኛነትን በፍዳ ስም የሚያስገባ የጓሮ በር ነው ብለው ይከራከራሉ።