አሌብሪሄ ምንድን ነው?

አሌብሪሄ የሜክሲኮ የእጅ ጥበብ ነው፤ የተለያዩ እንስሳት አካል በአንድ ገላ ላይ የተዋሐደበት፣ ከጆሮ እስከ ጅራት በደማቅ ነጠብጣብና መስመር የተሸፈነ ምስል። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት ከእንጨት የሚጠረበውን ነው፤ መነሻው ግን ወረቀት ነበር። የሜክሲኮ ሲቲው የወረቀት ቅርጽ ባለሙያ ፔድሮ ሊናሬስ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጠና ታሞ ሳለ እነዚህን ፍጥረታት በሕልሙ እንዳያቸው ይናገር ነበር። እንጨቱ የዋሃካ ግዛት ሙያ ነው። በአራሶላ መንደር ማኑዌል ሂሜኔስ ፈር ቀደደ፤ ሳን ማርቲን ቲልካሄቴና ላ ኡኒዮን ቴሃላፓንም ስመ ጥር ሆኑ።

የሚጠረበው ዛፍ ኮፓል ይባላል። ከአገራችን የእጣን ዛፍ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ የኮፓል ወገኖች ሙጫም በሜክሲኮ ይታጠናል። ጠራቢዎቹ ዛፉን ወንድና ሴት ብለው ይለያሉ፤ ሴቴው ለስላሳና አንጓው ያነሰ ስለሆነ ይመረጣል። ፈላጊው በመብዛቱ በመንደሮቹ አቅራቢያ ያለው ተመናምኖ፣ ዛሬ ከሩቅ ይገዛል፤ ችግኝም ይተከላል።

ቅርጹን በአመዛኙ የሚወስነው ቅርንጫፉ ነው። ጎባጣው ጅራት፣ መንታው እግር ይሆናል። መጀመሪያ በገጀራ ይከረከማል፣ ከዚያ በመሮና በቢላ ይጠረባል። ኮፓል ሲደርቅ ስለሚጠነክር ጠረባው የሚጠናቀቀው እርጥብ ሳለ ነው። ከግንዱ የማይወጡ ክንፎች፣ ቀንዶችና ጆሮዎች ለብቻ ተጠርበው በቀዳዳ ይሰካሉ፤ ብዙ ጊዜ ኮላ ስለማይደረግባቸው ለጉዞ ይነቀላሉ።

ገዢ ቀለሙን ያያል፤ የምስሉን ዕድሜ የሚወስነው ግን አደራረቁ ነው። ትንሽ ምስል በቀናት ወይም በሳምንታት ይደርቃል፤ ትልቁ ወራት ይፈልጋል። ውጩ ከውስጡ ቀድሞ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ አብሮት አይኮማተርም፣ ስለዚህ ውጩ ይሰነጠቃል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይህን ያባብሳል፤ ጥላና ነፋሻ ቦታ ይሻላል። መሰንጠቁ በራሱ የሙያ ጉድለት አይደለም። ጉድለቱ ስንጥቁ ተከፍቶ ሳያበቃ መድፈን ነው፤ እንጨቱ መኮማተሩን ሲቀጥል ድፍኑ ይላቀቃል። በወጉ የሚሠራ ሰው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቅና ስንጥቁን በኮፓል ስንጣሪ፣ በኮላ በተለወሰ ሰጋቱራም ይሞላዋል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ያልመዋል። እርጥበት ባለው እንጨት ላይ የተቀባ ቀለምም ከጊዜ በኋላ ይላጣል። ደረቅ ኮፓል ቀላል ነው፤ ለመጠኑ የሚከብድ ምስል ካጋጠመዎት ገና አልደረቀ ይሆናል።

ሌላው ጠላት ነቀዝ ነው። ስለዚህ ከመቀባቱ በፊት ቤንዚን ወይም ፀረ ተባይ ውስጥ ይነከራል፤ በምድጃ ሙቀት የሚያክሙም አሉ።

ቀለሙ ዛሬ በአብዛኛው አክሪሊክ ነው። ቀድሞ የተለመደው አኒሊን የተባለው ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ በብርሃን ስለሚደበዝዝ ነው የተተወው። መጀመሪያ መደቡ አንድ ወጥ ሆኖ ይቀባል፤ ሲደርቅ ትልልቁ ንድፍ፣ በመጨረሻ ጥቃቅኑ ነጠብጣብ በቀጭን ብሩሽ ይከተላል። በቲልካሄቴ የተፈጥሮ ቀለም የሚያዘጋጁም አሉ፤ ቁልቋል ላይ ከሚኖር ነፍሳት የሚገኘው ቀይ ሎሚ ሲነካው ወደ ብርቱካንማ፣ ኖራ ሲገባበት ወደ ሐምራዊ ያደላል። በብዙ ቤት ወንዱ ይጠርባል፣ ሴቷ ትቀባለች። ሆኖም ሥሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የወንዱ ስም ብቻ ነው፤ ረጅሙን ሰዓት የሚወስደው ቀለም ቅቡ ሆኖ ሳለ ይህ ፍትሐዊ አይደለም።

ቤት ያስገቡት ምስል ጥቃቅን ቀዳዳ ካወጣና ከሥሩ ዱቄት ከተጠራቀመ ነቀዝ አለበት። በፕላስቲክ አጥብቀው ጠቅልለው ለሁለት ሳምንት ያህል በረዶ ቤት (ፍሪዘር) ውስጥ ያቆዩት። ሲያወጡት ፕላስቲኩን ወዲያው አይፍቱ፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ካልጠበቁት ጤዛ ቀለሙ ላይ ያርፋል።