ኦፕሬቲንግ ሲስተም በትክክል መነሳቱን መከታተል

ኮምፒውተር በበራ ቁጥር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በትክክል መነሳት አለመነሳቱን መዝግቦ መያዝ፣ በአፕዴት ወይም በአዲስ ድራይቨር (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠራ ፕሮግራም) ምክንያት የተበላሸ ማሽን የሰው እጅ ሳይነካው ወደ ቀድሞ ጤናማ ሁኔታው እንዲመለስ የሚያስችል አሠራር ነው። በግል ኮምፒውተር፣ በስልክና በሰርቨር፣ እንዲሁም ስክሪን በሌላቸው እንደ ራውተር ባሉ መሣሪያዎች ውስጥ በተለያየ መልክ ይገኛል።

አሠራሩን የሚወስነው አንድ መሠረታዊ ችግር አለ። ያልተነሳ ሲስተም አለመነሳቱን ራሱ ሊናገር አይችልም፤ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ገና ዲስኩን ማንበብ ሳይጀምር ከተሰናከለ፣ ስህተቱን የሚመዘግብ ፕሮግራምም የሚመዘገብበት ፋይልም በዚያ ቅጽበት የለም። ስለዚህ ነገሩ ተገልብጦ ይያዛል። ቡትሎደሩ (ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም) ሲስተሙን ከማስነሳቱ በፊት ሙከራ መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት ያስቀምጣል፤ ሲስተሙ በሰላም ከተነሳ ያንን ምልክት ራሱ ያጠፋዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ምልክቱ እንደነበረ ከተገኘ ያለፈው ሙከራ እንደከሸፈ ይቆጠራል።

ይህ በጣም ግልጽ ሆኖ የሚታየው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በወጣው፣ ሲስተምዲ በተባለው የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማስነሻ ፕሮግራም 240ኛ እትም ውስጥ ነው። ሲስተምዲ ቆጣሪውን የሚያስቀምጠው በፋይሉ ስም ላይ ነው። ለምሳሌ አዲስ ከርነል ሲጫን የቡት ፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «+3» ይጻፋል፤ ይህም ሦስት ሙከራ ተፈቅዶለታል ማለት ነው። ቡትሎደሩ የመጀመሪያውን ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ስሙን ወደ «+2-1» ይለውጠዋል፤ ሁለት ሙከራ ቀርቷል፣ አንዱ ተሞክሯል እንደማለት ነው። ከርነሉ በዚያው ከቀረ በሚቀጥለው «+1-2»፣ ከዚያም «+0-3» ይሆናል። የቀረው ሙከራ ዜሮ ሲሆን ፋይሉ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ ከምርጫው ግርጌ ይወርድና የቀድሞው ከርነል ተራውን ይይዛል። ሲስተሙ ከተነሳ ግን ቆጣሪው ከስሙ ላይ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል፤ ቁጥር የሌለው ስም የተረጋገጠ ከርነል ምልክት ነው። ፋይል ያለበትን ማውጫ ከፍቶ ስሙን ያነበበ ባለሙያ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ የማሽኑን ታሪክ ስለሚያውቅ፣ ከሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ ይህኛው የተሻለ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል።

ሌሎቹ ምልክቱን የሚያኖሩት በየራሳቸው ቦታ ነው። ግሩብ የተባለው የሊኑክስ ቡትሎደር 1024 ባይት የሆነች አንዲት ትንሽ ፋይል ይጠቀማል። የጉግል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ክሮም ኦኤስ በዲስኩ የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋዮች) ሠንጠረዥ ውስጥ ለእያንዳንዱ የከርነል ፓርቲሽን ቅድሚያውን፣ የቀረውን የሙከራ ብዛትና የተሳካ መሆን አለመሆኑን ይጽፋል። በአነስተኛ መሣሪያዎች ላይ የተለመደው ዩ-ቡት የተባለ ቡትሎደር ደግሞ በእያንዳንዱ መነሳት አንድ የሚጨምር ቆጣሪ አለው፤ ቆጣሪው ከተወሰነለት ገደብ ካለፈ ሌላ አማራጭ ትእዛዝ ይፈጽማል።

ከባዱ ጥያቄ ግን ምልክቱ የት ይጻፍ የሚለው አይደለም፤ አንድ ሲስተም ተነሳ የሚባለው መቼ ነው የሚለው ነው። የዊንዶውስ ኤንቲ ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት የሠራበት መለኪያ የተጠቃሚው መግባት ነበር፦ አስፈላጊ ሰርቪሶች (ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ተነስተው ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ከገባ፣ በዚያ ጊዜ የነበረው የሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ቅንብር «የመጨረሻው ጤናማ ቅንብር» ተብሎ ይቀመጣል። ድራይቨሩ ችግሩን የሚያሳየው ከገቡ በኋላ ከሆነ ግን፣ ተጠቃሚው በገባበት ቅጽበት ጤናማው ቅንብር በተበላሸው ይተካል፤ መመለሻው መንገድም አብሮ ይዘጋል። ይህ አማራጭ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ከማስነሻ ምርጫዎቹ ወጥቷል። ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ከዚህ ጠንቀቅ ያለ መለኪያ መርጧል፤ ተጠቃሚው ከገባ በኋላ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ መነሳቱ የተሳካ ተብሎ አይመዘገብም። ሲስተምዲ በበኩሉ ውሳኔውን ለማሽኑ ባለቤት ይተወዋል። ዳታቤዝ የሚያስተናግድ ሰርቨር ዳታቤዙ መልስ እስኪሰጥ፣ ሌላው ኔትወርኩ እስኪገናኝ ድረስ ማረጋገጫው እንዲዘገይ ማድረግ ይቻላል።

መለኪያው ይበልጥ ጥብቅ ሲሆን ደግሞ ጤናማ ሲስተም እንደ ብልሽት የሚቆጠርበት ዕድል ይጨምራል። በዚህ ረገድ የመብራት መቋረጥ ትልቁ አሳሳች ነው። ቡትሎደሩ ያየው የተተወ ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ በከርነል ስህተት የወደቀውንና መብራት ሄዶበት የጠፋውን መለየት አይችልም። የኢትዮጵያን ከተሞች ጨምሮ መብራት ሄድ መጣ በሚልባቸው ቦታዎች ምንም ያልሆነ ኮምፒውተር የዊንዶውስን የጥገና ገጽ የሚከፍተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ዊንዶውስ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሳይነሳ ከቀረ ወደዚያ ገጽ ያመራልና። ፎርማት ለማድረግ ከመቸኮል በፊት መብራቱ መቼ መቼ እንደሄደ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሙከራው ከአንድ በላይ እንዲሆን የሚደረግበትም ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

ቆጣሪ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የደረቀውን ማሽን ዳግም የሚያስነሳ ነገርም ያስፈልጋል። የሊኑክስ ከርነል ከባድ ስህተት ሲገጥመው፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ በዚያው ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ሰው በማይደርስባቸው መሣሪያዎች ላይ ዋችዶግ የሚባል ሰዓት ቆጣሪ ይገጠማል፤ ከሲስተሙ በየጊዜው ምልክት ካልደረሰው ማሽኑን ራሱ ሪስታርት ያደርገዋል።

በስልክ በኩል ከአንድሮይድ 7.0 ጀምሮ የተሠራበት ዘዴ ሲስተሙን በሁለት ቦታ ማኖር ነው። አፕዴቱ የሚጫነው ባልተያዘው ቦታ ላይ ሲሆን፣ ስልኩ ከዚያ ተነስቶ የተለወጡት የዲስክ ክፍሎች በትክክል መነበባቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው የተሳካ የሚል ምልክት የሚያገኘው። እስከዚያ ድረስ የቀድሞው ሲስተም ሳይነካ ይጠብቃል።

እነዚህ ዘዴዎች የማይደርሱበት ቦታ እንዳለ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 በጉልህ ታየ። ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ የደኅንነት ፕሮግራም የተቀበለው ጉድለት ያለበት የይዘት ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ከሥራ ውጭ አደረገ። ማሽኖቹ እየተነሱ ይወድቃሉ፤ ዊንዶውስም አለመነሳቱን በትክክል አውቆ የጥገና ገጹን ይከፍት ነበር። ሆኖም የተለወጠው ከርነሉ ሳይሆን ድራይቨሩ በእያንዳንዱ መነሳት የሚያነበው ፋይል ስለነበር፣ ፋይሉን ለይቶ የሚያወጣ አልነበረም። የማረሚያው ፋይል በዚያው ቀን ቢለቀቅም ያልተነሳ ማሽን ከኢንተርኔት ሊያወርደው አይችልም፤ ባለሙያዎች በአብዛኛው በየማሽኑ ፊት ቀርበው በሴፍ ሞድ (አስፈላጊ ክፍሎች ብቻ በሚነሱበት ሁኔታ) ገብተው ፋይሉን በእጃቸው መሰረዝ ነበረባቸው፤ ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) በተቆለፈባቸው ላይም በቅድሚያ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ማስገባት ግድ ሆነባቸው። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ኅዳር ይፋ ያደረገው አዲስ አሠራር፣ ዊንዶውስ በተደጋጋሚ ሳይነሳ ሲቀር የጥገናው ክፍል ራሱ ከኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ ማረሚያውን ከዊንዶውስ አፕዴት እንዲያወርድ የሚያደርግ ነው።