ጆሮ ራሱ የሚመልስበት ምርመራ

የመስማት ምርመራ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አንዱን ነው። ማዳመጫ ጆሮ ላይ ይደረጋል፣ ቀጭን ድምፅ ይለቀቃል፣ የሰማ ሰው እጁን ያነሳል ወይም ቁልፍ ይጫናል። ኦዲዮሜትሪ ይባላል። ጥሩ ምርመራ ነው። ግን የሚሠራው ተመርማሪው የተባለው ሲገባው፣ ሲተባበርና እውነቱን ሲናገር ነው።

ሐዋሳ ላይ ይሄ ቀላል አይደለም። ከተማዋ የሲዳማ ክልል መዲና ብትሆንም ለሕክምና የሚመጣባት ሰው ከወላይታም፣ ከጌዴኦም፣ ከምዕራብ አርሲም ነው። አንዱ ሲዳሙ አፎ ብቻ ይችላል፣ ሌላዋ ወላይትኛ፣ መርማሪው በአማርኛ ሊያስረዳ ይሞክራል። ቃላት እየተሰሙ ይደገሙ በሚባልበት ምርመራ ደግሞ ቃላቱ ራሳቸው በታካሚው ቋንቋ መዘጋጀት አለባቸው። አራስ ልጅ ዘንድ ሲደረስ ይሄ ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ ሰውየውን ትቶ ጆሮውን የሚጠይቅ ምርመራ ያስፈልጋል።

ጆሮ እንዴት ይመልሳል? ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ኮክሊያ የሚባል ክፍል አለ። እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ገደማ የተጠመዘዘ ሲሆን ፈሳሽ ይሞላዋል። በውስጡ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሴሎች ተደርድረዋል፦ በአንድ ረድፍ 3,500 ያህል የውስጥ ሴሎች፣ በሦስት ረድፍ 12,000 ያህል የውጭ ሴሎች። የውስጦቹ መልእክቱን ለነርቭ ያቀብላሉ። የውጮቹ ሥራ ለየት ይላል። ድምፅ ሲደርሳቸው እያጠሩና እየረዘሙ ደካማውን ድምፅ ያጎላሉ። እንዲህ ሲሠሩ ትንሽ ድምፅ ያመልጣቸውና በመካከለኛው ጆሮና በታምቡሩ በኩል ተመልሶ ይወጣል።

ሳይንቲስቱ ቶማስ ጎልድ እ.ኤ.አ. በ1948 ኮክሊያ ድምፅ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ጉልበት የሚጨምር አካል መሆን አለበት ብሎ ነበር። ለጊዜው ሰሚ አላገኘም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ ከጆሮ የሚወጣውን ድምፅ በማይክሮፎን ይዞ አሳየ። ድምፁ ኦቶአኩስቲክ ኢሚሽን ይባላል፤ ባለሙያዎቹ ኦኤኢ ይሉታል።

ምርመራው ሲታይ ምንም አይመስልም። ጫፉ ለስላሳ ጎማ የሆነ ትንሽ መሰኪያ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ውስጡ ድምፅ ማጫወቻም ማይክሮፎንም አለ። አንደኛው ዓይነት አጫጭር “ጠቅ” የሚሉ ድምፆችን ይልክና በሚሊሰከንዶች ውስጥ መልሱን ይጠብቃል። ሁለተኛው ሁለት ድምፅ በአንዴ ይለቃል። ለምሳሌ 2,000 እና 2,400 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ቢላክ፣ ጤነኛ ኮክሊያ ማንም ያልላከውን 1,600 ኸርዝ ጨምሮ ይመልሳል። ማሽኑ የሚፈልገው ያንን ነው። በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ብልሃት ያለው ምርመራ አላውቅም።

ችግሩ መልሱ እጅግ ደካማ መሆኑ ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ወይም መስኮት ሥር ባጃጅ ሲያጓራ ማይክሮፎኑ ይምታታበታል። ልጁ ካለቀሰ ደግሞ አለቀለት። ለዚህ ነው ልምድ ያላት ባለሙያ መሰኪያውን ከማንሳቷ በፊት “እናትዬ፣ መጀመሪያ አጥቢው፤ ሲተኛ እንጀምራለን” የምትለው። የተኛ ልጅ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል።

ማሽኑ “ፓስ” (አልፏል) ወይም “ሪፈር” (እንደገና ይታይ) ብሎ ያወጣል። ሪፈር ማለት ልጁ አይሰማም ማለት አይደለም። የጆሮ ኩክ፣ በወሊድ ጊዜ ጆሮው ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ወይም ከታምቡሩ ጀርባ የተጠራቀመ ውኃ መልሱን ሊያፍነው ይችላል። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ያላለፈ ልጅ ከቀናት በኋላ ሲደገም የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጆሮውን አይቶ ማጽዳት ይቀድማል። ቲምፓኖሜትሪ የሚባለው ምርመራም አብሮ ይሠራል፤ የአየር ግፊት እየቀያየረ ታምቡሩ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። ጆሮው ሲመግል የኖረ ልጅ ላይ ኦኤኢ ጠፋ ብሎ በኮክሊያው ላይ መፍረድ ችኮላ ነው።

ሌላም ገደብ አለ። የመስማት ጉዳቱ ከ30 እስከ 35 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ካለፈ ኦኤኢ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ጉዳቱ መካከለኛ ይሁን ከባድ አይነግረንም። መጠኑን ለማወቅ ኤቢአር የሚባለው ሌላ ምርመራ ይመጣል። ግንባር ላይና ከጆሮ ጀርባ ኤሌክትሮድ ይለጠፋል፣ ድምፅ ይላካል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 10 ሚሊሰከንዶች ውስጥ ከመስማት ነርቭና ከአንጎል ግንድ የሚመጡ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ሞገዶች ይነበባሉ። ተመራማሪዎቹ ጄዌትና ዊሊስተን እ.ኤ.አ. በ1971 በዝርዝር የገለጿቸው ናቸው። የመጀመሪያው ሞገድ ከነርቩ ነው። አምስተኛው ከሁሉም ጎልቶ ስለሚታይ፣ ድምፁን እየቀነሱ እሱ የሚጠፋበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ ልጁም ከእንቅልፉ መንቃት የለበትም።

ሁለቱ ምርመራዎች የማይስማሙበት ጊዜ አለ። ኦኤኢ አለ፣ የኤቢአር ሞገዶች ግን የሉም ወይም ተዘበራርቀዋል። ይሄ ኦዲቶሪ ኒውሮፓቲ ይባላል፦ የውጭ ሴሎቹ ይሠራሉ፣ መልእክቱ ግን ወደ አንጎል በወጉ አይደርስም። ከወሊድ በኋላ በኃይል ቢጫ የሆኑና ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለዚህ ይጋለጣሉ። እነሱን በኦኤኢ ብቻ “ፓስ” ብሎ ወደ ቤት መላክ ትልቅ ስህተት ነው። በሌላ በኩል አንድ አዋቂ “አልሰማም” እያለ ኦኤኢም ኤቢአርም ደህና ከሆኑ፣ ለጆሮው ካሳ የሚጠይቅበት ጉዳይ ይኖረው እንደሆነ ቀስ ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ቤት ውስጥ ወላጅ የራሱ ምርመራ አለው፤ ከጀርባ የድስት ክዳን ማንኳኳት። ልጁ ከዞረ ይሰማል ይባላል። ነገር ግን ልጁ የዞረው ንዝረቱ ተሰምቶት ወይም ጥላ አይቶ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ክዳን ከፍተኛ ድምፅ ነው፤ እሱን የሰማ ልጅ ንግግር ላይሰማ ይችላል። በብዙ አገር የሚሠራበት መመሪያ እስከ 1 ወር መፈተሽ፣ እስከ 3 ወር ምርመራውን መጨረስ፣ እስከ 6 ወር እርዳታ መጀመር ይላል። እርዳታው መስሚያ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፣ በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚተከለው ኮክሊያር ኢምፕላንትም፣ የምልክት ቋንቋም።

ኦኤኢ ለአዋቂዎችም ይጠቅማል። ፀረ ባክቴሪያው ጄንታማይሲን፣ ለቲቢ ይወጋ የነበረው ካናማይሲን፣ አሚካሲን፣ ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲን የውጭ ሴሎችን ይጎዳሉ። የፋብሪካ ጫጫታም እንዲሁ። ሐዋሳ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት፤ የሽመና ማሽን አዳራሽ ውስጥ ሰው ሳይጮህ አይግባባም። መድኃኒት ሲሆን ጉዳቱ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ስለሆነ ሰውየው ወሬ እየሰማ ምንም ሳይታወቀው ይቆያል። ኦኤኢ ግን ቀድሞ ሊቀንስ ይችላል። ቀነሰ ለማለት ከመጀመሪያው መርፌ በፊት፣ ወይም ሥራ በተጀመረበት ሰሞን፣ የተወሰደ መነሻ ልኬት መኖር አለበት።