ከድርጅት ወደ ድርጅት፦ የፓርቲ ለውጥ በባሕር ዳር የክልል ፖለቲካ

በአማራ ክልል መቀመጫ በባሕር ዳር አንድ ፖለቲከኛ ፓርቲ የሚለውጥበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሣ ፓርቲው ራሱ ስሙንና ቅርጹን ሲለውጥ ነው። ሁለተኛው ሰውየው መልቀቂያ ጽፎ ሲወጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሁለተኛው ቢሆንም እጅግ የበዙ አባላትን ያሻገረው የመጀመሪያው ነው። በ1983 ዓ.ም. ኢሕዴንን (የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን) የተቀላቀለ ሰው አንድም ቀን ሳይለቅ ብአዴን (የብሔረ አማራ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ)፣ ቀጥሎም አዴፓ (የአማራ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ)፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ብልጽግና ሆኗል።

የዚህ ድርጅት ታሪክ የሚጀምረው ከሌላ ድርጅት በመውጣት ነው። ኢሕዴንን ኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም. የመሠረቱት ከኢሕአፓ (ከኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) የወጡ ታጋዮች ነበሩ። በ1981 ዓ.ም. ከሕወሓት ጋር ሆነው ኢሕአዴግን (የኢትዮጵያ ሕዝቦች አብዮታዊ ዴሞክራሲያዊ ግንባርን) አቋቋሙ፤ በየካቲት 1983 ዓ.ም. በቴዎድሮስ ዘመቻ ባሕር ዳር በግንባሩ ሠራዊት እጅ ገባች። በትግሉ የወደቁት የሚታሰቡበት የሰማዕታት ሐውልት ዛሬም ከተማዋ ውስጥ በዓባይ ዳር ቆሟል። ከኢሕአፓ ወደ ኢሕዴን ከመጡት ሰዎች የታምራት ላይኔ ሕይወት ይህ መንገድ ምን ያህል ከፍታና ዝቅታ እንዳለው ያሳያል። በሽግግሩ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ከዚያም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ከሥልጣንና ከድርጅት ተነሡ፤ 18 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ተፈቱ። ውድቀታቸው የመጣው በምርጫ ተሸንፈው ወይም በምክር ቤት ድምፅ አጥተው አይደለም። ነገሩ ያለቀው በድርጅቱ ውስጥ ነበር፤ ይህም ሥርዓት በክልሉ ፖለቲካ ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ኖሯል።

ስም መቀየርና መዋሐድ

ሁለቱ አንድ አይደሉም። በ1986 ዓ.ም. ኢሕዴን ብአዴን ሲባል፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ላይ በተካሄደው 12ኛ ጉባኤ ብአዴን አዴፓ ሲባል የተለወጠው ስሙ፣ አርማውና ማኅተሙ ነው። አባልነቱ፣ ዕዳውና ንብረቱ እንዳለ ቀጠለ። ኅዳር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. የብልጽግና ፓርቲ ስምምነት ሲፈረም የሆነው ግን ውሕደት ነው። ከኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች ሦስቱ፣ አጋር ይባሉ ከነበሩት ደግሞ አምስቱ ተዋሐዱ፤ ሕወሓት አልገባም አለ። በውሕደት የቀድሞው ድርጅት ሕጋዊ ሰውነቱ ያበቃል፤ መብትና ግዴታው ወደ አዲሱ ይተላለፋል። አባሉም አልቀጥልም ብሎ ካላሳወቀ በቀር አብሮ ይሻገራል።

ለክልል ፖለቲከኛ ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ብአዴንና አዴፓ የራሳቸው ማዕከላዊ ኮሚቴና ጉባኤ ያላቸው ድርጅቶች ስለነበሩ የመጨረሻው ቃል፣ ቢያንስ በደንቡ፣ ባሕር ዳር ላይ ይነገር ነበር። ከውሕደቱ በኋላ የባሕር ዳሩ ጽሕፈት ቤት የአንድ አገራዊ ፓርቲ ቅርንጫፍ ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው ፓርቲውን ሳይለቅ አለቃው ያለበት ከተማ ተቀየረበት። የክልሉን የቅርብ ዓመታት ፖለቲካ ለመረዳት ከስሙ ይልቅ ይህን መመልከት ይጠቅማል።

መቀመጫና ሹመት

ፓርቲ የሚለቅ ሰው መጀመሪያ ሊለየው የሚገባው ነገር ቢኖር መቀመጫና ሹመት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ አባሉ ከወንበሩ የሚነሣው የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት እንደሆነም ይናገራል። ፓርቲውን የለቀቀ ሰው መቀመጫውን ያጣል የሚል ቃል ግን በውስጡ የለም። ስለዚህ ወንበሩ የፓርቲው ሳይሆን የተመራጩ ነው።

ሹመት ግን እንዲህ አይደለም። ርዕሰ መስተዳድሩ የሚመረጠው በክልሉ ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ካገኘው ፓርቲ ነው፤ የቢሮ ኃላፊዎችን ደግሞ እርሱ አቅርቦ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። የዚህ ሁሉ መነሻ ፓርቲው ውስጥ የተደረሰበት ውሳኔ በመሆኑ ፓርቲውን የለቀቀ ሹም ሹመቱን በዚያው ሰሞን ያጣል። የሥራ ርክክብ ይደረጋል፤ መኪናው ይመለሳል፤ የመንግሥት ቤት ከሆነ ቤቱም ይመለሳል። አብዛኛው የክልል ምክር ቤት አባል የሙሉ ጊዜ ተመራጭ አይደለም፤ መምህር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ገበሬ ሆኖ ለጉባኤ ባሕር ዳር የሚመጣ ነው። ሹመቱን ያጣ ሰው መቀመጫው ቢቀርለትም ኑሮውን በእርሱ መምራት አይችልም። ሰዎች ቅር እያላቸው ለዓመታት በፓርቲ ውስጥ የሚቆዩበት ዋና ምክንያት፣ ከፍርሃት እኩል፣ ይህ ነው።

ሹመት ምን ያህል በፓርቲው ውስጣዊ ሁኔታ ላይ እንደሚንጠለጠል የርዕሰ መስተዳድሮቹ ዝርዝር ያስረዳል። ከሽግግሩ ዘመን እስከ የካቲት 2011 ዓ.ም. አዲሱ ለገሠ፣ ዮሴፍ ረታ፣ አያሌው ጎበዜና ገዱ አንዳርጋቸው ተፈራርቀዋል፤ አራት ሰዎች ናቸው። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባሉት አራት ዓመት ተኩል ብቻ ግን አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለና አረጋ ከበደ ወንበሩ ላይ ወጥተዋል። አምባቸው መኮንን ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ተገድለዋል። በቀሩት ለውጦች ወንበሩ ሲለዋወጥ በመካከል የተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ የ2013ቱ ብቻ ነው።

የመልቀቅ ሥርዓት

መልቀቂያ የሚጻፈው አባሉ ላለበት መዋቅር ነው። የኢሕአዴግ ዘመን መዋቅር ከታች ወደ ላይ ሕዋስ፣ መሠረታዊ ድርጅት፣ የወረዳና የዞን ኮሚቴ፣ ከዚያም ማዕከላዊ ኮሚቴ ነበር። ደብዳቤው ቀን ይኑረው፤ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ይደረግበት። የአባልነት መታወቂያውን፣ የድርጅቱን ሰነድና የመዋጮ ሒሳቡን አባሉ በፊርማ ያስረክብ። መዋጮው ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ፋይናንስ ክፍል ለብቻው መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሰውየው ወጥቶም ገንዘቡ መቆረጡን አያቆምም።

ብዙ ችግር የሚነሣው ከዚህ ነው። ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ የሰውየው ስም በአሮጌው መዝገብ ላይ ይቀርና አዲሱ ፓርቲ ዕጩ አድርጎ ሲያቀርበው የሁለት ፓርቲ አባል ነህ የሚል አቤቱታ ይመጣበታል። ሌላው ደግሞ ለፓርቲው መጻፍ ሲገባው ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ "ከኃላፊነቴ ለቅቄያለሁ" ብሎ መጻፍ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የምክር ቤት አባልነቱንም እንደለቀቀ ሊያስቆጥርበት ይችላል። ከፓርቲ መልቀቅና ከምክር ቤት መልቀቅ ሁለት ደብዳቤ፣ ሁለት አድራሻ ናቸው። ጊዜውም ወሳኝ ነው፤ የዕጩ ምዝገባ ከተዘጋ በኋላ የወጣ ሰው ለዚያ ምርጫ ሌላ ፓርቲ ሊያቀርበው አይችልም።

አንዳንዱ ደግሞ ሳይለቅ ይባረራል። ግምገማ፣ ሂስና ግለ ሂስ በኢሕአዴግ ድርጅቶች የተለመደ ሥርዓት ነበር፤ ቅጣቱም ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ከኃላፊነት ማንሣት፣ ማገድ፣ በመጨረሻም ማባረር ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ብአዴን በረከት ስምዖንንና ታደሰ ካሳን ከማዕከላዊ ኮሚቴ ያገደው ከድርጅቱ ጋር ከተያያዘው የንግድ ተቋም ከጥረት ኮርፖሬት ጋር በተያያዘ ጉዳይ ነበር። ሁለቱም በኋላ ባሕር ዳር ላይ ተከስሰው በ2012 ዓ.ም. በረከት ስድስት፣ ታደሰ ስምንት ዓመት ተፈርዶባቸዋል።

ፓርቲው የፈረሰበት ተመራጭ

የተቃዋሚው ጎራ መከራ የተለየ ነው። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ከ294ቱ የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 188፣ ቅንጅት 106 አገኙ። ቅንጅት መኢአድን፣ ኢዴአፓ-መድኅንን፣ ቀስተ ደመናንና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግን ያሰባሰበ ነበር። ምክር ቤት እንግባ አንግባ በሚለው ክርክር ተከፋፈለ፤ ስሙም በኋላ ለእነ አየለ ጫሚሶ ቡድን ተሰጠ። ከቀሩት ብዙዎቹ በብርቱካን ሚደቅሳ መሪነት አንድነት የተባለውን ፓርቲ መሠረቱ። በቅንጅት ስም ተመርጦ በምክር ቤት የተቀመጠ ሰው ፓርቲ የለወጠው እርሱ ሸሽቶ አይደለም፤ የተመረጠበት ድርጅት ስለፈረሰበት ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ተመራጮች በጅምላ "ከዳተኛ" ብሎ መጥራት ፍትሕ አይደለም። በ2002 እና በ2007 ምርጫዎች 294ቱም መቀመጫዎች የኢሕአዴግ ሆኑ።

አዲስ ፓርቲ ማቋቋም

በሰኔ 2010 ዓ.ም. የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ባሕር ዳር ላይ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያ ሊቀ መንበሩ ደሳለኝ ጫኔ ነበሩ። በ2013ቱ ምርጫ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አምስት ወንበር አገኘ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአብን ሊቀ መንበር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ይህ የፓርቲ ለውጥ አይደለም፤ ከተቃዋሚ ፓርቲ ሳይወጡ በመንግሥት ሹመት መሥራት ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር ብዙም ያልተለመደ መንገድ ነው።

ከገዥው ፓርቲ የወጣ ሰው የራሱን ፓርቲ ላቋቁም ቢል ቁጥሩ ይከብደዋል። በቀድሞው ሕግ ለክልላዊ ፓርቲ 750፣ ለአገራዊ ፓርቲ 1,500 መሥራች አባላት ይበቁ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ክልላዊውን 4,000፣ አገራዊውን 10,000 አደረገው። በመሆኑም ብቻውን የወጣ ሰው የሚቀሩት መንገዶች በተግባር ሁለት ናቸው፤ አስቀድሞ የተመዘገበ ፓርቲ መግባት ወይም በግል ዕጩነት መቅረብ። በግል የሚቀርበው ፊርማ ያሰባስባል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት ማነስ የለበትም። ለብዙ ምርጫዎች በኢሕአዴግ የንብ ምልክት የተወዳደረ ሰው ደግሞ አዲስ ምልክቱን ቀበሌ ለቀበሌ ዞሮ ማስተዋወቅ ይጠበቅበታል፤ መራጩ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከዕጩው ስም ቀድሞ የሚፈልገው የሚያውቀውን ምልክት ነውና።